ባዶ የሚቀመጠው ጎታ

ልጅ እያለሁ መኸር ሲደርስ ደስ አይለኝም ነበር። አውድማው ላይ የጤፉ ክምር ከፍ ባለ ቁጥር እፈራ ነበር። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ጎጃም ተወልዶ ጥጋብ የሚፈራ ልጅ የት ታይቶ ይታወቃል? አይፈረድባቸውም፤ የእኛን ጎታ አያውቁትም።

ቤታችን ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ነበር። በዚያ የጦርነት ዘመን ተኩስ ሲሰማ እናቴ የጀመረችውን ሥራ ጥላ እኔንና ታናሽ እህቴን ይታይሽን ብድግ እያደረገች ጓዳ ከቆመው ትልቅ የጭቃ ጎታ ውስጥ ትከተንና ክዳኑን ትገጥምብናለች። ውስጡ የአምና ጤፍና የደረቀ ጭቃ ይሸታል። ከታች በኩል እህል የሚወጣበት ቀዳዳ አለው። ይታይሽ በዚያ ቀዳዳ የእናታችንን እግር ታያለች፤ እግሩ እስካለ ድረስ አታለቅስም። ተኩሱ ሲቀርብ ግን ግድግዳውን እየዳበሰች፣ "ወፍራም ነው አይደል?" ትለኛለች።

"ወፍራም ነው" እላታለሁ። ከልቤ ነበር የምላት።

አንድ ዓመት አዝመራው ሰመረ። አባቴ የመጀመሪያውን ስልቻ ጤፍ ተሸክሞ ገብቶ ጎታው ውስጥ ሊገለብጠው ሲል ይታይሽ ጎታውን ጥምጥም ብላ ያዘችው።

"እኛስ የት እንገባለን?"

አባቴ ቁጡ ሰው ነበር። ይመታታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን ስልቻውን ከትከሻው ሳያወርድ ትንሽ ቆመና፣ "በሉ የደጁን ጎተራ ክፈቱልኝ" ብሎ ወጣ። የደጁ ጎተራ ክዳኑ ያፈስ ነበር። ክረምቱ ሲገባ የተረፈው እህል ሻገተ፤ ነሐሴን በድንች ወጣነው። አባቴ ግን አንድም ቀን አላነሳባትም። ይህን ሳስበው ዛሬም ዕንባዬ ይመጣል።

ይታይሽ አሁን ደብረ ማርቆስ ነው የምትኖረው፤ የአንዲት ልጅ እናት ሆናለች። በቅርቡ ልጠይቃት ስሄድ ውኃ ከጠፋ ሰንብቶ ኖሮ ጀሪካን ተሸክማ ስትገባ አገኘኋት። ጓዳዋ ውስጥ ግን ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ባዶውን ቆሟል።

"ምነው ውኃ ሲመጣ ይኼን ብትሞዪው?" አልኳት።

 ክዳኑን ከፍታ ያሳየችኝ ትንሿ ልጇ ናት። ውስጡ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤ ከጎኑ ወደ ታች በጋለ ብረት ቀዳዳ ተበስቷል።

"በዚህ እማዬን አያታለሁ" አለችኝ።

ልጅቷ ዘወር ስትል ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ፕላስቲክ እኮ ነው፤ ምኑን ያቆማል?" አልኩ።

"ያስ ጭቃ አልነበር፣ ወንድምዓለም?" አለች ይታይሽ።

 ያን ዕለት ከሰዓት ከከተማው ዳር ተኩስ ተሰማ። ልጅቷ ማንም ሳይነግራት ሮጣ በርሜሉ ውስጥ ገባች። ክዳኑን ስገጥምላት ከውስጥ በእጇ መታ መታ አደረገችው።

"አጎቴ፣ ወፍራም ነው አይደል?"

"ወፍራም ነው፣ የኔ እናት።"

ድሮ ይህን ስል አምን ነበር። እናታችን ከጎታው ውጭ እንደምትቀር፣ ለእሷ የሚሆን ግድግዳ እንዳልነበረ፣ ያኔ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ይታይሽ ዳግም ውኃ ልትቀዳ ያነሳችውን ጀሪካን አስቀምጣ ሄደችና ከቀዳዳው ፊት ለፊት ቆመች።