አባቴ በአንድ ጣት የጻፈው

እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በውሃ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ሠርታለች። ጡረታ ስትወጣ ለገዛችው ኮምፒውተር ከእኔ ይልቅ ትሳሳለት ነበር። ሲከፈት እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ሥራ እስኪጀምር ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ግን አንድም ቀን አሳፍሯት አያውቅም።

አባቴን ስትሮክ ሲጥለው አንደበቱ ተዘጋ፣ ቀኝ እጁም አልታዘዝ አለው። በግራ እጁ አንድ ጣት መጻፍ ያስተማረችው እሷ ናት። እስኪሞት ድረስ፣ ስምንት ወር ሙሉ፣ ያወራው በዚያ ኮምፒውተር ነው። እሷ በአፏ ትጠይቃለች፤ እሱ ፊደል እየፈለገ ይመልሳል። ከሞተ በኋላም በየጠዋቱ ቁጭ ብላ እሱ የጻፈውን ታነብ ነበር።

እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ። ጩኸቱ አናደደኝና አዲስ ላፕቶፕ ገዝቼ መጣሁ። "ይሄኛው ምን አደረገሽ?" አለችኝ። የአባቴን ጽሑፍ ገልብጬ እንደምጭንላት ምዬ ተገዝቼ፣ በስንት ልመና እሺ አሰኘኋት። ጽሑፉን ገልብጬ አሮጌውን ለኮምፒውተር ጠጋኝ ሰጠሁት፤ እሱም በማግስቱ ፈታትቶ ለመለዋወጫ አደረገው።

ጽሑፉን አዲሱ ላይ ስንከፍተው በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ብቻ ተደረደረ። የተጻፈበት የድሮ ፕሮግራም ከአሮጌው ጋር ጠፍቷል፤ ጠጋኙም ፈልጎ አጣው። እናቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሳጥኖቹን በጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰች።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ እኔ ግን ላፍስ ተነሳሁ። በቃልሽ የምታስታውሺውን ንገሪኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ አልኳት።

ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። አንዲት ቃል አልሳተችም። ውሃ ስጪኝ። መስኮቱን ዝጊው። ሾርባው እንደ ድሮ አለቃሽ ጨው የለውም። እዚህ ላይ ሁለታችንም ሳቅን።

ቀጥላ፣ "ልጅቷ ዛሬ ትመጣለች?" አለች።

ጻፍኩት። ያኔ የአራት ሰዓት መንገድ ርቄ እሠራ ነበር፤ ሥራ በዛብኝ እያልኩ በስምንቱ ወር የመጣሁት ሁለቴ ነው፣ ሁለተኛው ለቀብሩ።

ጥቂት መስመር ሄዳ ያንኑ ደገመችው። ቆይታ አሁንም ደገመችው።

"እማዬ፣ ይሄን ጽፌዋለሁ እኮ" አልኳት።

"ጻፊው። እሱ በየቀኑ ነው የጠየቀው።"

እንደገና ጻፍኩት። እስከዚያ ዕለት አንዴም ይህን አልነገረችኝም ነበር። ስንጨርስ እንደምንም ብዬ፣ እሷ ምን ብላ ትመልስለት እንደነበር ጠየቅኳት።

"መንገድ ላይ ናት እለው ነበር" አለችኝ።