ሰላምታ የማይጠግብ መልእክተኛ

ከትውልድ አገሬ ከቁይ የወጣሁ ለት ማታ በአንድ ሆድ ሁለት እራት ነበረብኝ። አንዱ አባቴ ቤት፣ ሌላው ከአጥሩ ማዶ አጎቴ ደምስ ቤት። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ነው፤ ለእኔ መሸኛ በግ አርዶ፣ ከበላሁ በኋላ ሊመርቀኝ ጋቢውን አጣፍቶ ይጠብቀኛል። እኔ ግን ገና አባቴ ቤት እንዳለሁ በደጀን በኩል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደኝ መኪና መጥቶ ጡሩንባውን ነፋው። አባቴም "አውሮፕላን በግ አይጠብቅም፣ አንተ ይበልጣል፣ ውጣ!" ብሎ ገፍትሮ አሳፈረኝ። የዓባይን ቁልቁለት ልንጀምር ስንል አጎቴ ደወለ። "ሳልመርቅህ ሰደደህ አይደል? በል ከአባትህ ጋር ጨርሰናል" አለና ዘጋው።

የደረስኩት ፊንላንድ ነው። ብርዱን ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ የጮቄ ተራራ ውርጭ እዚህ ቢመጣ ካፖርት ይጠይቃል። ዳቧቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፣ ሩይስሌይፓ ይሉታል፤ ጥርስ ካላችሁ አይከፋም። ብርዱንም ዳቦውንም ቻልኩት። ያልቻልኩት ሰላምታቸውን ነው። "ሞይ" ይላሉ፣ ያልፋሉ። ሞይ! ኧረ ለከብት እንኳ ከዚህ የበለጠ ይባላል።

አከራዬ ሂልካ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። በየጠዋቱ ደረጃው ላይ ሳገኛቸው እንደ ወጉ "እንደምን አደሩ? ጤናዎ ደህና ነው? ልጆችዎስ? ድመትዎስ?" እላቸዋለሁ። በሳምንቱ በሬን አንኳኩ።

"ቧንቧው ፈሰሰ?" አሉኝ።

"ኧረ አልፈሰሰም።"

"ማሞቂያው ተበላሸ?"

"ደህና ነው።"

"ታዲያ በየቀኑ ምን ፈልገህ ነው?"

"ሰላም ልልዎት ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"ሰኞ ብለኸኝ ነበር እኮ" አሉና ሄዱ።

አገር ቤትም ሰላምታ ጠፍቷል። አባቴና አጎቴ እኔ ከወጣሁ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። አባቴ ከቤተሰቡ ጋር የሚጻጻፈው በሰማያዊው ነው፤ እኛ ቤት መተግበሪያ የሚጠራው በምልክቱ ቀለም ነው። አጎቴ ደግሞ ልጁ ከዱባይ በላከለት ስልክ አረንጓዴውን ይጠቀማል። በአንዱ ላገናኛችሁ ብል አባቴ "የእሱ አረንጓዴ ስልኬን አይረግጣትም!" አለ። አጎቴ "ሰማያዊ ነገር ዓይኔን ያመኛል" አለ። የእኔ ምርቃት ግን አጎቴ ጉሮሮ ውስጥ ቀርታለች። ሥራ ባጣሁ ቁጥር፣ በረዶ አንሸራቶ በጣለኝ ቁጥር፣ እሷ ናት እላለሁ። ሁለቱ ካልታረቁ ደግሞ አይመርቀኝም።

ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር የተማርኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ድልድይ ሠራሁ። ድልድይ የምለው አሮጌ ላፕቶፔ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ሰማያዊው ላይ የተጻፈውን አንስቶ ከጸሐፊው ስም ጋር አረንጓዴው ላይ ይጽፋል፣ የአረንጓዴውንም እንደዚያው ሰማያዊው ላይ። "መልእክተኛ" ብዬ ሰየምኩት፣ የሁለቱም ቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ አስገባሁትና ወደ ሥራ ሮጥኩ። የምሠራው ዕቃ መጋዘን ነው፤ ስልክ መግቢያው ላይ ይቆለፍበታል።

የሆነውን እህቴ እናኑ ናት የነገረችኝ። ጠዋት አጎቴ አረንጓዴው ላይ ለልጆቹ "እንደምን አደራችሁ?" ብሎ ጻፈ። መልእክተኛው ሰላምታውን አባቴ ዘንድ አደረሰው።

"አያ ደምስ ሰላም አለኝ!" አለ አባቴ፣ ስልኩን እንደ እባብ እያየ።

"ዝም በለው" አለችው እናኑ።

"ሰላምታ የእግዜር ነው! የታላቄን ሰላምታ ልዋጥ?" አለና "ደህና ነኝ አያ፣ አንተስ እንደምን አደርህ?" ብሎ መለሰ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ለካ መልእክተኛው ራሱ ያመጣውንም እንደ አዲስ ቆጥሮ መልሶ እንዲወስድ አድርጌው ኖሯል! የሁለቱም ሰላምታ ወዲያና ወዲህ ይመላለስ፣ አንዱ አንዴ ያለው ለሌላው ደጋግሞ ይደርሰው ጀመር፤ ላፕቶፑ አዝጋሚ ስለሆነ ደግሞ እንደ ደከመች አህያ ቀስ እያለ። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ስልኩን ዘግቶ ይተኛል። ቁይ ላይ ግን ሰላም የተባለ ይመልሳል። አባቴ "ደህና ነኝ፣ ልጆችስ?" ይላል፤ አጎቴ "ደህና ናቸው፣ ከብቶቹስ?" ይላል፤ ያም ሄዶ ይመለሳል። ጤፉ ተጠየቀ፣ ላሟ ተጠየቀች፣ አምና የሞተችው በቅሎ ሳትቀር ተጠየቀች። አባቴ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው አቁሞ ይመልሳል። አጎቴ "ወንድሜ ተጸጽቷል፤ ካልተጸጸተ ሰው እንዲህ አይጨቀጭቅም" እያለ ለሚስቱ ዓይኑን ይጠርጋል። አባቴም ለእናኑ ያንኑ ይላል።

ወደ ማታ የአባቴ አውራ ጣት ደከመች። ስልኩን ወርውሮ አጥሩን ዘለለና አጎቴ በር ላይ ቆሞ ጮኸ።

"አያ! ደህና ነኝ! ኧረ በማርያም ደህና ነኝ፣ በቃ!"

አጎቴ ስልኩን እንደያዘ ብቅ አለ። "እኔስ? ጣቴን ጨረስከው እኮ!"

ተያዩ። ሳቃቸውን ለቀቁት፣ ከዚያ አንገት ለአንገት ተናንቀው አለቀሱ። እኔም ከመጋዘኑ ወጥቼ ይህን ስሰማ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ምን ሆንክ ያለኝ የለም።

በማግስቱ ደወልኩ። ሁለቱም አጎቴ ቤት ሆነው አንድ ስልክ ላይ ይንጫጫሉ።

"አጎቴ፣ እንግዲህ መርቀኝ" አልኩ።

"ምርቃት በስልክ? ጉልበቴን ሳትስም? አይሆንም ልጄ። ሌላ በግ አስሬልሃለሁ፣ ና።"

"መቼ እንደምመጣ አላውቅም እኮ።"

"በጉም አያውቅም" አለ አባቴ ከጎን።

ከዚያ ወዲህ ሰማያዊውም አረንጓዴውም ጭር ብለዋል። ምን ብለው ይጻጻፋሉ? ሲመሽ አንድ ምድጃ ዙሪያ ናቸው። የታረቁ ለት ማታ ያጠፋሁትን መልእክተኛ ላስተካክለው ከፍቼ ቁጭ አልኩና እንደነበረ ተውኩት። ትናንት ጠዋት ሰማያዊው ላይ "እንደምን አደራችሁ?" ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልመለሰም፣ እርሻ ላይ ናቸው። ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። "ከይበልጣል፦ እንደምን አደራችሁ?" ይላል። መልእክተኛው የራሴን ሰላምታ አዙሮ አመጣልኝ።

ምን ላድርግ፣ ሰላምታ የእግዜር ነው። "እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ እናንተስ?" ብዬ መለስኩ።