የአርብ ሥጋ

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ሲገፈትሩኝ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ምንም አላየሁም፤ አፍንጫዬ ግን ወዲያው ገባው። የበሰበሰ የሰው እግር ነበር። «በርታ፣ ትለምደዋለህ» አለኝ ከጥግ አንድ ድምፅ። የተናገሩት ባለ እግሩ ራሳቸው ነበሩ።

ጋሼ እንላቸው ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። በምርመራ ላይ ውስጥ እግራቸውን ገርፈዋቸው ቁስሉ አመርቅዟል። እውነቱን ልናገርና አልለመድኩትም። አጠገባቸው ስተኛ ያስመልሰኛል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እግራቸውን ሰብስበው ወደ ግድግዳው ይዞሩልኛል። ሐኪም ቤት ውሰዱልን ብለን ያልለመንነው ጠባቂ የለም። «ሲሞት ንገሩን» ነው መልሳቸው።

አንድ ቀን ጠዋት ወለሉን በበረኪና አጠቡልን። አዲስ ብርድ ልብስ መጣ። ጋሼን በሸራ ተሸክመው ወደ እህል መጋዘኑ ወሰዷቸው። ያኔ እንግዳ እንዳለ ገባን። ካቦው፣ ማለትም እኛው የመረጥነው የክፍሉ አለቃ፣ ከጠባቂዎቹ ወሬ ለቃቅሞ መጣ። «የእንግሊዝ ጳጳስ ነው፣ አንግሊካን። አያያዛችንን ሊያይ ነው።»

«ተመስገን! ጋሼ ዳኑ በለኛ!» አለ አንዱ።

ቀጥሎ ወጡ መጣ። ቀይ የበግ ወጥ፣ ቅቤው ከላይ የተንሳፈፈ። ለወራት ከውሃ የቀጠነ ሽሮ በቀር ያልቀመስን ሰዎች ነን። አፌ ምራቅ ሞላ፤ ወዲያው ደግሞ ከጋሼ ፍራሽ የቀረው ሽታ ከቅቤው ጋር ተቀላቀለ። ቀኑ አርብ ነበር።

ካቦው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማንም እንዳይነካ» አለ። «ጳጳስ አይደለም እንዴ? የተራበ ሰው ሥጋ ፊቱ ተቀምጦ ሳይበላ ሲያይ ለምን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጾም ነው ብለን እንጀምርና የጋሼን ነገር እናወጣዋለን።»

ሙስሊሙ ጓደኛችን ሳቀ። «እኔ እንደሁ ድሮም የናንተን ሥጋ አልበላ!» የተቸገረው ጴንጤው ነው። አርብ ረቡዕ የሚባል ነገር አያውቅም። ሳህኑን አየ፣ እኛን አየ፣ «እሺ፣ ስለ ጋሼ» ብሎ እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ። ያን ቀን ከሁላችን የጾመው እሱ ነው።

ጳጳሱ ከእስር ቤቱ አዛዥና ከአንድ አስተርጓሚ ጋር ገባ። «ገቡ» ማለት ይገባኝ ነበር፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። ረጅም ሰው ነው፤ ሐምራዊ ሸሚዝ፣ ደረቱ ላይ ትልቅ መስቀል። በሩ ላይ ቆም ብሎ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫው ላይ አደረገ። በረኪናው አልሸፈነውም፤ ሸቶታል። ከዚያ ያልተነኩትን ሳህኖች አየ። ጠይቅ እንጂ፣ በናትህ ጠይቅ እላለሁ በሆዴ። ጠየቀም፤ እኛን ሳይሆን አዛዡን። አዛዡ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር መለሰለትና ሁለቱም ሳቁ። ካቦው «አባታችን…» ብሎ ሊነሳ ሲል አስተርጓሚ ተብዬው ትከሻውን ጫን አደረገው። ጳጳሱ እጁን አንስቶ ባረከንና ወጣ።

ብርድ ልብሱን ከሰዓት በኋላ ሰበሰቡት። ሥጋውን ጠባቂዎቹ በር ላይ ተቀምጠው በሉት፤ አጥንት ሲግጡ ይሰማናል። ጋሼን መልሰው ሲያመጧቸው «ምን አላችሁ ሰውዬው?» ብለው ጠየቁን። «ባረከን» አላቸው ካቦው። ክረምቱ ሲገባ ጋሼ አልነበሩም።

ለንደን ከገባሁ በኋላ ያን ጳጳስ ረስቼው ነበር። ባለፈው ዓመት የማኅበራችን ሊቀመንበር ደወለችልኝ። ቶተንሃም የምንሰበሰብበትን አዳራሽ የሰጡን ጳጳስ ሪታየር ሊያደርጉ ነው፤ የመሸኛ ግብዣ አለ። «ለአገራችን እስረኞችም ባለውለታ ናቸው አሉ። አንተ ደግሞ ታስረህ የወጣህ ሰው ነህ፤ ሁለት ቃል አመስግንልን። አደራህን፣ አዳራሹን እንዳታስነጥቀን!»

ገና ከበሩ አወቅሁት፤ ያው ባለ መሐረቡ ጳጳስ ነው። አንዲት ሴት የሕይወት ታሪኩን አነበበች። የቄስ ልጅ ነው። ብሪክስተን በረዳት ቄስነት ጀመረ፣ የደብር አለቃ ሆነ፣ ከዚያ ጳጳስ። ቤት ለሌላቸው ማደሪያ ከፍቷል፤ ለስደተኞች ፍርድ ቤት ቆሞ መስክሯል። ውሸት አይመስለኝም። ይበልጥ የቀፈፈኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ራሱ ተነሳ። «አፍሪካን በክፉ ብቻ ለሚያነሱ ሁልጊዜ የምነግራቸው ታሪክ አለኝ» አለ። «ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ እስር ቤት ጎብኝቻለሁ። እስረኞቹ ከመጥገባቸው የተነሳ የበግ ሥጋ ቀርቦላቸው አንድም ሰው አልነካውም!» አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ያ ሽታ፣ ቅቤውና እግሩ፣ እዚያው መጣብኝ። ሊቀመንበሯ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ ተራዬ ነው። «ስለ አዳራሹ እናመሰግናለን» ብዬ ተቀመጥኩ።

ምግብ ቀረበ፤ የዶሮ ሳንድዊች። «ቪጋን፣ የጾም ነው የምንበላው ብዬ ነግሬአቸው ነበር እኮ!» አለች ሊቀመንበሯ። አርብ ነበር፤ ሐበሻው ሁሉ ካሮት ያኝካል። ጳጳሱ እየዞረ ሰላም ሲል እኔ ጋ ደረሰና ያልተነካ ሳህኔን አይቶ ፈገግ አለ። «ጠግበሃል መሰለኝ» አለኝ።

«ዛሬ አርብ ነው» አልኩት። «የኛ ሰው አርብ ሥጋ አይበላም። ያን ቀንም አርብ ነበር።»

ወዲያው አልገባውም። «እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። መሐረብዎን አፍንጫዎ ላይ ያደረጉት ለምን ነበር?»

«ሽታ… ሽታ ነበረ።»

«የሰው እግር ነው። ሰውየውን መጋዘን ደብቀዋቸው ነበር። ያልበላነው እርስዎ ለምን ብለው እንዲጠይቁን ነበር።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ማንም አልነገረኝም» አለ።

«እኛን አልጠየቁንም።»

ሊቀመንበሯ ከወዲያ ዓይኗን ታጉረጠርጥብኛለች። ድምፄን አላነሳሁም። ጳጳሱ የሰውየውን ስም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ለእንግሊዝ ምላስ አይመችም፤ አበላሸው። «እንደገና ይበሉት» አልኩት። እስኪያስተካክለው ድረስ አስደገምኩት። ስማቸውን እዚህ የማልጽፈው ቤተሰባቸው ገና አገር ቤት ስለሚኖር ነው።

ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅር ብያለሁ አላልኩም፤ ይቅር ማለት የጋሼ እንጂ የኔ አልነበረም። አዳራሹም አልተነጠቀብንም።

ጴንጤው ጓደኛዬ ዛሬ ፊንስበሪ ፓርክ ይኖራል። ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ «በጉ ግን ሲያውድ!» አለ። ሳቅን። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ አርብ ሥጋ በልቼ አላውቅም። የሥራ ጓደኞቼ ቪጋን ነህ እንዴ ይሉኛል። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።»

«ለምን?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ከጋሼ እግር ጀምሮ ሁሉንም ነገረኝ። እኔም እንደማያውቅ ሰው ሆኜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።