የእቴናት ጉበትና የአንበሴ ፍርድ

እቴናት ባሕር ዳር ኦፕራሲዮን ተደርጋ ወደ አማኑኤል ከተማ ስትመለስ ከሚኒባሱ በገዛ እግሯ ወረደች። ቃሬዛ ይዘው የጠበቋት ጎረምሶች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሆዷ ተቀዶ ትመጣለች ብለው ሲያለቅሱ የሰነበቱት ሴቶችማ ጓዳ አስገብተው ቀሚሷን ገለጡ፤ ያገኙት ግን አራት ትናንሽ ፕላስተር ነው።

“ይኸው ነው?” አሉ፣ እንደ ተታለለ ሰው።

“ይኸው ነው! በአንዷ ቀዳዳ ካሜራ፣ በሌሎቹ መሣሪያ ከትተው ጉበቴ ላይ ያደገውን የውሃ ከረጢት አወጡት። ብርቱካን ያህል ነበር አሉኝ!” እቴናት እንደ ሙሽራ ትሽኮረመማለች።

ደስታዋ ግን ሙሉ አልነበረም። ባሏ ደምለው፣ የከተማው ሥጋ ሻጭ፣ በሽታው ከውሻ እንደሚመጣ የሰማ ዕለት ውሻቸውን አንበሴን ከቤት ሊያባርር ምሏል። አንበሴን ደግሞ ከቡችላነቱ በእጇ አጉርሳ ያሳደገችው እሷ ናት። ያለ እሱ ቤቱ ቤት አይመስላትም።

ጠያቂው ቤቱን እንደ ሞላ ደምለው ገመድ ይዞ ተነሣ። “ሚስቴን ሊገድልብኝ የነበረ አውሬ ደጄ አያድርም! ዓባይ በረሃ ወስጄ እጥለዋለሁ!”

“ቆይ እስቲ፣ ተቀመጥ” አለችው እቴናት። “ሐኪሙ ያለኝን ልንገርህ። ውሻን ትሉ የሚይዘው ውሃ የቋጠረ የበግ ጉበት በጥሬው ሲበላ ነው። እንቁላሉ ከኩሱ ወጥቶ ጠጉሩ ላይ ይቀራል፤ እኔ እሱን ደባብሼ እጄን ሳልታጠብ እበላለሁ። ይሁን። አንበሴ ጉበቱን ከየት አመጣው? ቢላዋ አለው?”

ዐይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ደምለው ዞረ። ለሽያጭ የማይሆነውን ጉበት ለዓመታት “እንካ አንበሴ!” እያለ ሲወረውር ያላየው ጎረቤት የለም።

“እንግዲህ ደምለው፣ ገመዱ ለማን ሊሆን ነው?” አሉ ጎረቤታቸው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እቴናት ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ “ኧረ አታስቁኝ፣ ስፌቴ!” እያለች ከሁሉም በላይ ሳቀች።

በማግስቱ ደምለው ከማረጃው ጀርባ ጉድጓድ ሲቆፍር ዋለ፤ የተበላሸ ጉበት ከእንግዲህ የሚቀበረው እዚያ ነው። ከእንስሳት ሐኪም ያመጣውንም የትል ክኒን፣ አንበሴን ጉልበቱ መሐል ይዞ፣ በስንት ትግል አስዋጠው። ማምሻውን አፈር በአፈር ሆኖ በር ላይ ቆመ። አንበሴ ከጎኑ ጭራውን ይቆላል።

“እሱ ይቆይ” አለ አንገቱን ደፍቶ። “ለካ ልገድልሽ የነበርኩት እኔ ነኝ። እኔስ ልቆይ?”

እቴናት አየችው፤ እንዲህ ፈርቶ አይታው አታውቅም፤ አንጀቷን በላው።

“ሳሙናው እዚያ ነው” አለችው። “እጅህን ታጥበህ ግባ።”