አሥር ሚስኮል

አዋሽ ላይ በማስተናግድበት ምግብ ቤት ምሳውን የሚበላ የሒሳብ መምህር ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ የሰው ዓይን እያየሁ ማውራት የማልችል ነኝ። ትእዛዝ እንኳ የምቀበለው ጠረጴዛ እየወለወልኩ ነው።

አንድ ቀን ሳህኑን ላነሳ ስሄድ ስቴኪኒ ደርድሮ ጠበቀኝ፤ ሁለት፣ ትንሽ ክፍተት፣ ሦስት፣ ክፍተት፣ አምስት። ቀጥሎ ስንት ይመጣል አለኝ። ሸሽቼ ገባሁ። በማግስቱ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደምሬ ስምንት ስቴኪኒ አስቀመጥኩለት። ያስኬዳል ብሎ ሳቀ፤ እሱ ያሰበው ግን ሰባት ነበር፤ የደረደረው ከራሳቸውና ከአንድ በቀር ለሌላ ቁጥር እኩል የማይካፈሉትን ነበርና።

ከዋክብት ዘንድ የሚኖር ፍጡር ካለ አማርኛም አፋርኛም አያውቅም፣ ቁጥር ግን እዚያም ያው ነው ይለኝ ነበር። እነዚህን በተራ ከላከ የነፋስ ድምፅ እንዳልሆነ እናውቃለን። የሰማ ሰው ደግሞ ያንኑ አይደግምም፤ ቀጣዩን ይልካል። መረዳቱ የሚታወቀው በዚያ ነው።

«ክፍተቱን እንዳትረሺ» ይለኛል። «ክፍተቱ ከጠፋ መልእክቱ ጩኸት ብቻ ነው።»

የቤቱ ባለቤት እትዬ፣ ዛሬስ ከሰማይ ምን ተጻፈልሽ እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ሰውዬው መልስ የሚጠብቀው ከሰማይ ሳይሆን ከጓዳ ነው ይሉኝም ነበር።

መምህሩ ሰመራ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ሲል ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ትሪውን ደረቴ ላይ አቅፌ ጠረጴዛውን መወልወል ጀመርኩ።

«አፍሽ እምቢ ካለሽ በሚስኮል መልሺልኝ» አለ። «ቤት ሳገኝ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት አድርጌ እደውላለሁ። ከፈለግሽኝ ሰባት ትልኪያለሽ። ዝም ካልሽ ይገባኛል፣ አላስቸግርሽም።»

አራት ወር ጠበቅሁ። አንድ ቅዳሜ የከባድ መኪና ሾፌሮች ቤቱን ሞልተውት ስልኬ ጓዳ ቻርጅ ላይ ነበር። ሥራው ሲቀዘቅዝ ሳየው ከማላውቀው ቁጥር አሥር ሚስኮል ይላል። ደውሎ ማን ልበል ማለት ለእኔ ከባድ ነው። የተሳሳተ ሰው ነው ብዬ ተውኩት። ሲም ካርድ መቀየሩን በምን ልወቅ?

ከሦስት ሳምንት በኋላ የስልኬን የጥሪ ዝርዝር ሳጠፋ ያንን ቁጥር ከፈትኩት። እያንዳንዱ የተደወለበት ሰዓት ተጽፏል። ሁለት ተከታትለው፣ ከዚያ ዝምታ። ሦስት፣ ዝምታ። አምስት። ሰባት ጊዜ ደወልኩ። መልስ አልመጣም። እትዬን አስፈቅጄ ሰመራ ሄድኩ።

ከቢሮው ወጥቶ ግንቡ ጥላ ሥር ቆመን አወራን፤ ያወራው እሱ ነው። ለጥሪው መልስ ሲያጣ አገር ቤት ያለችው እናቱ ያጨችለትን ልጅ እሺ ማለቱን፣ ሽማግሌ መሄዱን፣ ልጅቷም ቀለበት ማሰሯን ነገረኝ።

«ሰባቱን ቆጥሬያቸዋለሁ» አለኝ።

«ስልኬ ደምሮ አሥር ብሎ ነው ያሳየኝ» ብቻ አልኩ።

ወዲያው ገባው። በመዳፉ ዓይኑን ሸፈነ።

ስመለስ አውቶቡሱ ገዋኔ ላይ ለምሳ ቆመ። ሰዉ ሲወርድ እኔ ቁጭ እንዳልኩ ስልኬ ጮኾ ተቋረጠ፤ ደግሞ ጮኸ። ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ላይ ቆመ።

ቀጥሎ የእኔ ተራ ነበር፣ አሥራ ሦስት። የማላውቃት ልጅ ቀለበት ያለበት ጣት ታየኝ። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ዚፑን ዘጋሁት።