ዶሮዎቹ አለፉልኝ ወይ?

ባለቤቴ ኪኒን አይውጥም። ራሱን ሲያመውም፣ ጉንፋን ሲይዘውም ይጸልያል፤ እኔ አንድ ፍሬ ስውጥ ካየማ እምነቴን የካድኩ ያስመስለዋል። የጴንጤነት ነገር ዶሮዎቹ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። እዚህ ደቡብ ሱዳን፣ ኒምራ ታላታ ሰፈር ካለው ቤታችን ጓሮ ያረባቸዋል፤ ታመሙም አልታመሙም በየጠዋቱ ውሃቸው ውስጥ አንቲባዮቲክ ይበጠብጥላቸዋል። «ቫይታሚን ነው» ይላል።

በየወሩ ከላቦራቶሪ አንዲት ልጅ ትመጣለች። አዲስ አበባ ያደገች ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ጫፉ ላይ ጥጥ ባለው እንጨት ከዶሮዎቹ ቂጥ ናሙና ትወስዳለች። ባክቴሪያውን የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውና የትኛውን እንደለመደ ለማወቅ ነው ብላ ስንቴ አስረድታዋለች። እሱ የሚሰማው «ምርመራ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ምርመራ ደግሞ ለእሱ ፈተና ነው። ስለዚህ ልትመጣ ስትል፣ ዶሮዎቹ ንጹሕ ሆነው እንዲቀርቡ መድኃኒቱን እጥፍ ያደርግላቸዋል።

«አለፉልኝ ወይ?» ይላታል ውጤት ይዛ ስትመለስ።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ ብሶበታል። ይሄ የሚሰጧቸው መድኃኒት ባክቴሪያውን መግደል አቁሟል። ይተዉት።»

«አንሷቸው ነው» ይለኛል እሷ ስትወጣ።

አንድ ቀን የዶሮዎቹን አጥር ሲጠግን ሽቦ የቀኝ አውራ ጣቱን ወጋው። ሲጸልይ ሰንብቶ እጁ እስከ አንጓው አበጠ። ሥራው ሃይ ማላካል ሰፈር ፀጉር ማስተካከል ነው፤ መቀስ መያዝ አቃተው። የምንበላው በዚያ እጅ ነውና ፈራሁ፤ ጎትቼ ክሊኒክ ወሰድኩት። የተሰጠውን ኪኒን ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ምንም ለውጥ የለም። ሐኪሙ፣ የአገራችን ሰው፣ ጣቱ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገረን።

«ይህን መድኃኒት አዘውትረው ይወስዱ ነበር?»

«እኔ? በሕይወቴ ቀምሼው አላውቅም» አለ ኮራ ብሎ።

«ዶሮዎቹ ይወስዱለት ነበር» አልኩ።

ሐኪሙ አልሳቀም። ነርሷን ጠራ፤ እሷም ጫፉ ላይ ጥጥ ያለው እንጨት ይዛ መጥታ ከቁስሉ ናሙና ወሰደች። ባለቤቴ እንጨቱን አወቀው።

ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ሲገባ ባለቤቴ ቀና ብሎ «አለፍኩ ወይ?» አለው።

«የሚሠራልዎት አንድ መርፌ ብቻ ቀርቷል። እሱንም ለዶሮዎቹ ሰጥተው እንዳይሆን?»

«ኧረ አልሰጠሁም፤ እሱማ ውድ ነው።»

መርፌው ሠራ፤ ጣቱን ያተረፈለት ስስቱ ነው። እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሞ ሲመሰክር ግን ይህችን ዘለላት።