የሚዞረው ዲሽ

የዲሹን ሞተር ከሞጣ ገዝቼ ቢቸና ያመጣሁት ለራሴ ብዬ ነው። ኢንተርኔት ከጠፋ ወራት አልፈው ነበር፤ አንድ ቦታ በተቸነከረ ዲሽ ደግሞ ያንኑ የሰለቸኝን ጣቢያ ነው የማየው። ሞተር ያለው ግን ሪሞት ሲጫኑ ራሱ ዞሮ ሌላ ሳተላይት ይፈልጋል። ምሰሶው ትንሽ ካዘመመ ሁሉም ስለሚበላሽ ከግንበኛ ጎረቤቴ ቱንቢ ተውሼ፣ ግቢው መሃል ቀጥ አድርጌ በሲሚንቶ ተከልኩት።

አባቴ በረንዳ ላይ ሆነው ያዩኛል። ታናሽ ወንድሜ በድሮን ከሞተ ወዲህ እኛ ዘንድ ነው የሚኖሩት። ያን ቀን ድምፁን ቀድመው የሰሙት እሳቸው ነበሩ። "ተኛ!" እያሉ ወደ ልጃቸው ሮጡ፤ አልደረሱም። የተረፈውን በጋቢያቸው የሰበሰቡትም እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ሪሞቱን ስጫን ሞተሩ "እዝዝዝ" አለ። የቴሌቪዥኑ ምስል ሲመጣልኝ በደስታ ጮህኩ። ዞር ስል አባቴ አልጋ ሥር ናቸው።

"አውርደው" አሉኝ ወጥተው፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ።

"አባየ፣ ሞተር እኮ ነው። ይልመዱት።"

"ጆሮየ አይለምድም። አውርደው ብየሃለሁ!"

ሚስቴም "እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ተዋቸው" አለችኝ። አልሰማኋትም። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ስጫን እሳቸው ይወድቃሉ፣ እሳቸው ሲወድቁ እኔ እናደዳለሁ።

እሑድ ከሰዓት ምሰሶውን በዱላ ይደበድቡት ጀመር። ልነጥቃቸው ስጠጋ ግንባሬን አሉኝ። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እኔም የወለዱኝን ሰው በጋቢያቸው አንቄ ከግድግዳ አላተምኳቸው፤ ዱላቸውን በጉልበቴ ሰበርኩት። አልበረደልኝም። ቤት ገብቼ ሪሞቱን አነሳሁና፣ ሆን ብዬ፣ ዲሹን ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ እንዲዞር አዘዝኩት። ይደንብሩ አልኩ በልቤ።

የአምስት ዓመት ልጄ ምሰሶው አጠገብ አፈር ታቦካለች። አባቴ ሮጡ። በዚያ ጉልበታቸው እንዴት እንደሮጡ አላውቅም። በሙሉ ክብደታቸው ላይዋ ላይ ወደቁ፤ ክንዷ ቀጭ ሲል ቤት ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ወጥቼ ላነሳቸው ብታገል አልላቀቅ አሉ። ጭንቅላቷን በሁለት እጃቸው ሸፍነው፣ እሷ ከሥራቸው እየጮኸች፣ "አሁንስ ደረስሁልህ፣ ልጄ፤ አሁንስ ደረስሁልህ" ይላሉ።

ሪሞቱ እጄ ላይ ነበር። እንዲቆም ደጋግሜ ተጫንኩት። ሪሲቨሩ ግን ቤት ውስጥ ስለሆነ ከግቢ አይሠራም፤ ሞተሩ ምዕራብ ጫፍ እስኪደርስ ዝም አላለም።